ማጠናከሪያ ክትባት፦ አሁን ልውሰድ፣ ልጠብቅ ወይስ ልተወው?

የማጠናከሪያ ክትባት ነገር ሲነሳ ሰው ወዲያው ጎራ ይለያል። አንዱ "ምን ይጎዳሃል፣ ውሰድ እንጂ!" ይላል። ሌላው "በየጊዜው መርፌ፣ በየጊዜው መርፌ፣ ማብቂያው መቼ ነው?" ብሎ ያጣጥለዋል። እኔ ሁለቱም መልስ አይሆኑም ባይ ነኝ። ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነዋ። የትኛው ክትባት? ለማን? ካለፈው ዶዝ ስንት ጊዜ ሆነው? እነዚህ ሦስቱ ሳይታወቁ "ውሰድ" ማለትም "ተው" ማለትም ግምት ነው።

ደግሞ ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። አሁን መውሰድ አለ፣ መተው አለ፣ በመሃል ደግሞ ቆየት ብሎ መውሰድ አለ። መሃለኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከአንድ ወር በፊት ኮቪድ ይዞት ለተነሳ ጤነኛ ጎልማሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ የቀረበላችሁ መርፌ የቱ እንደሆነ ለዩ

በአንድ ስም የሚጠሩ ግን ሥራቸው የተለያየ ሦስት ዓይነት ክትባቶች አሉ።

አንደኛው የጎደለን የሚሞላ ነው። የኩፍኝ ሁለተኛ ዶዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ሰው "የመጀመሪያው ሲደክም የሚያድስ" ይመስለዋል። አይደለም። የመጀመሪያው ዶዝ ከ100 ሰው 93ቱን ያህል ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ያልያዘላቸውን ይደርስላቸውና ቁጥሩን ወደ 97 ያደርሰዋል። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ አታውቁም። ስለዚህ ይህን "ማጠናከሪያ ነው፣ ቢቀርም ችግር የለውም" ብሎ መዝለል ቁማር ነው። እዚህ ላይ ብዙ መመዘን አያስፈልግም፣ ጨርሱት።

ሁለተኛው እውነተኛው ማጠናከሪያ ነው። ሰውነታችሁ ድሮ የተማረውን እንዲያስታውስ የሚቀሰቅስ። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት እዚህ ይመደባል።

ሦስተኛው የታደሰ ክትባት ነው። የኢንፍሉዌንዛው ዋነኛው ነው። እዚህ ያረጀው የእናንተ መከላከያ ብቻ አይደለም፣ ቫይረሱ ራሱ መልኩን ቀይሯል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት አካባቢ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ በመስከረም አካባቢ ደግሞ ለደቡቡ፣ ክትባቱ የትኞቹን ዝርያዎች ይያዝ የሚለውን የሚመክረው።

አንቲቦዲ ቀነሰ ማለት መከላከያ አለቀ ማለት ነው?

ብዙ ክርክር የሚጦዘው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከክትባት በኋላ ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ (ጀርምን የሚዋጋው ፕሮቲን) ይጨምራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ ጤናማ ነገር ነው። ያየነውን በሽታ ሁሉ ለመመከት ሰውነታችን አንቲቦዲ በሙሉ አቅሙ እያመረተ ቢኖር ደማችን ወፍሮ አይፈስም ነበር። አንቲቦዲ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው እንበል። የማስታወሻ ሴሎች ደግሞ ጓዳ ተኝተው ሲጠሯቸው የሚነሱ ናቸው። ዘበኛው ቢቀንስም የተኙት አሉ። ጥያቄው ሌባው ገብቶ ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ ለመነሳት ጊዜ ያገኛሉ ወይ የሚለው ነው።

ሄፓታይተስ ቢን ውሰዱ። ቫይረሱ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት በአማካይ 90 ቀን ይፈጅበታል። ሦስት ወር! በዚህ ጊዜ የማስታወሻ ሴሎች ተነስተው፣ አንቲቦዲ አምርተው፣ ቫይረሱን ሊያስቆሙት ይችላሉ። ለዚህም ነው ክትባቱን በትክክል ጨርሰው ሰውነታቸው የተቀበለላቸው ጤነኛ ሰዎች፣ ከዓመታት በኋላ ቢመረመሩና አንቲቦዲያቸው ዝቅ ብሎ ቢገኝ እንኳ፣ ማጠናከሪያ አያስፈልጋቸውም የሚባለው። መከላከያው ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚቆይ ታይቷል። በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ወይም መከላከያው የተዳከመ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንቲቦዲው በየዓመቱ ይለካል፣ በአንድ ሊትር ደም ከ10 ዓለም አቀፍ ዩኒት በታች ከወረደ ክትባቱ ይደገምለታል።

አሁን መንጋጋ ቆልፍን ተመልከቱ፣ ፍጹም ተቃራኒው ነው። ጀርሙ አፈር ውስጥ አለ፣ በቁስል ይገባል፣ የሚጎዳችሁም የሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ ከማየሉ የተነሳ ሰው ለመግደል የሚበቃው መጠን የሰውነትን መከላከያ ለመቀስቀስ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ የተኙትን የሚቀሰቅሳቸው የለም። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከላከያ አያገኝም፣ አሁንም መከተብ አለበት። ከዚህ በሽታ የሚያድናችሁ ቁስሉ በተፈጠረበት ሰዓት ደማችሁ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ብቻ ነው። "ጎረቤቶቼ ሁሉ ተከትበዋል" ማለትም እዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እንግዲህ አንድ ሰው "አንቲቦዲህ ቀንሷል፣ ተከተብ" ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ለየትኛው በሽታ?" ይሁን። በሽታው ቀስ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ተረጋጉ። ፈጣን ከሆነ፣ ወይም እንደ መንጋጋ ቆልፍ መርዙ የሚቀድም ከሆነ፣ ቁምነገር ነው። ኮቪድ መሃል ላይ ይወድቃል። ኦሚክሮን የሚባለው የኮቪድ ዝርያ ከተያዙ በኋላ ምልክት ለማሳየት ሦስት ቀን ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ስለዚህ የማስታወሻ ሴሎች ጉንፋኑን ለመከላከል አይደርሱም። ሳንባ ላይ ወርዶ ሆስፒታል እንዳያስገባ ግን ብዙ ጊዜ ይደርሳሉ። "ተከትቤም ያዘኝ" የሚለው ቅሬታ እውነት ሆኖ ክትባቱም ሥራውን ሠርቶ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ጥቅሙን ስትመዝኑ በመቶኛ አትሸወዱ

"አደጋውን በግማሽ ይቀንሳል" የሚለው አባባል ደስ ይላል። ግን የምን ግማሽ?

ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ እንውሰዳቸው። አንድ ማጠናከሪያ ሆስፒታል የመግባት አደጋን በግማሽ ይቀንሳል እንበል። በአንድ ወቅት ውስጥ ከ100 አንዱ ሆስፒታል በሚገባበት የአዛውንቶች ቡድን ውስጥ 200 ሰው ቢከተብ አንድ ሰው ከሆስፒታል ይተርፋል። ከ10,000 አንዱ ብቻ በሚገባበት የጤነኛ ወጣቶች ቡድን ግን ያንኑ አንድ ሰው ለማትረፍ 20,000 መከተብ አለበት። መርፌው ያው ነው፣ "ግማሽ" የሚለውም ቃል አልተዋሸም፣ ትርፉ ግን መቶ እጥፍ ተለያየ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ደግሞ ይህን ያህል ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ወጣት ላይ ይብሳል። ሚዛኑ የሚገለበጠው እዚህ ነው።

በኮቪድ ጊዜ የሆነውን ያስታውሷል። እስራኤል ከሐምሌ 2021 መጨረሻ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምራ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሦስተኛ ዶዝ መስጠት ጀመረች። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ የያዘው ጥናት ሦስተኛውን ከወሰዱት መካከል በጠና የሚታመሙት ካልወሰዱት በ19.5 እጥፍ ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። ግዙፍ ቁጥር ነው፣ የክትትሉ ጊዜ ግን አጭር ነበር። ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ በተለይ አዲስ ዝርያ ሲመጣ፣ ያ ትርፍ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። በመስከረም 2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ባለሙያዎች ማጠናከሪያው ዕድሜው 16 ለሞላው ሰው ሁሉ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ 16 ለ 2 ውድቅ አደረጉት። በዚያው ቀን 65 ለሞላቸውና ለጽኑ ሕመም ለተጋለጡት ግን ደገፉት። ይህ የክትባት ጠላቶች ስብሰባ አልነበረም። ያንኑ መረጃ አይተው "ለማን?" ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ላይ ውሳኔው ወደ ሁሉም አዋቂ ቢሰፋም፣ በመጋቢት 2023 የዓለም ጤና ድርጅትም ወደዚያው አመለካከት መጣ፦ አዛውንቶች፣ መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ግንባር ላይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ካለፈው ዶዝ 6 ወይም 12 ወር በኋላ ይድገሙ፣ ለጤነኛ ጎልማሶች ግን ከመጀመሪያው ማጠናከሪያ በላይ በመደበኛነት አይመከርም አለ። ቢወስዱት ይጎዳቸዋል ማለቱ አልነበረም። ትርፉ ትንሽ ነው ማለቱ ነው።

ሌላ የሚያሸውድ ነገር አለ። ማጠናከሪያ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ጤናውን የሚከታተል ሰው ነው። ሳይከተብም ቢሆን ከሌላው ያነሰ ሊታመም ይችል ነበር። ስለዚህ ተከታቢንና ያልተከተበን ብቻ አወዳድሮ ልዩነቱን ሁሉ ለመርፌው የሚሰጥ ወሬ ስታነቡ ትንሽ ቀንሱለት።

ጉዳቱስ?

ሰው በጣም የሚፈራው ሩቁን ነው፣ የሚያጋጥመው ግን ቅርቡ ነው። ክንድ መቁሰል፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ትኩሳት። አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይመጣል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይሄዳል። ያለፈው ዶዝ አልጋ ላይ ጥሏችሁ ከነበረ ይሄኛውም ሊጥላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ፈተና ወይም ረጅም ጉዞ ባለበት ቀን ዋዜማ አትውሰዱት። ይህ ተራ ምክር ነው ግን ማንም አይናገረውም።

ከባዱ አለርጂ በጣም ብርቅ ነው። በአሜሪካ ከ25 ሚሊዮን በላይ ዶዝ የተከታተለ ጥናት ከ1 ሚሊዮን ዶዝ 1.3 ያህል አግኝቷል። የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባቶች (እንደ ፋይዘርና ሞደርና ያሉት) ላይ ከዚህ ከፍ ይላል፣ ከ1 ሚሊዮን 5 ገደማ። የሚመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ነው "15 ደቂቃ ቁጭ በሉ" የሚባለው። ቁጭ በሉ፣ አትሹለኩ።

የልብ ጡንቻ ብግነት፣ ማዮካርዳይትስ የሚባለው፣ ወሬ ብቻ አይደለም፣ እውነት ነው። ከኤምአርኤንኤ ክትባት በኋላ በብዛት የታየው ወጣት ወንዶች ላይ ነው። በአሜሪካ ከ16 እስከ 17 ዓመት ወንዶች ላይ፣ ከፋይዘር ሁለተኛ ዶዝ በኋላ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶዝ 106 ያህል ተመዝግቧል። ከማጠናከሪያው በኋላ ከሁለተኛው ዶዝ ያነሰ ነው። አብዛኞቹም ያገግማሉ። ቫይረሱም ራሱ ይህንኑ ብግነት ያመጣል። ሆኖም ለአንድ ጤነኛ የ17 ዓመት ልጅ፣ ከዚህ በፊት ተከትቦ ኮቪድም ይዞት ለነበረ፣ አንድ ተጨማሪ ዶዝ የሚያተርፍለት ትንሽ ስለሆነ ይህች ትንሽ አደጋ ሚዛን ላይ ትታያለች። ለ75 ዓመት አያቱ ግን አትታይም። በዶዞች መካከል ያለውን ጊዜ ማራዘም አደጋውን እንደሚቀንስም ታይቷል። መጠበቅ አንዱ ምርጫ ነው ያልኩት በከንቱ አይደለም።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ላይ ጊያን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ይነሳል። በ1976 አሜሪካ ውስጥ ለአሳማ ጉንፋን የተሰጠው ክትባት ከ100,000 ተከታቢ አንድ ያህል ተጨማሪ ሕመምተኛ አስከትሎ ዘመቻው እንዲቆም ተደርጓል። ዛሬ በሚሰጡት የወቅት ክትባቶች ላይ ጭማሪ ቢኖር እንኳ ከ1 ሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ነው።

ማብዛትም የራሱ ጣጣ አለው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ቶሎ ቶሎ የሚደጋግም ሰው ደሙ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ በጣም ስለሚበዛ ክንዱ በሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ሊያብጥ ይችላል። "ቢበዛ ምን ይጎዳል" ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፦ ብዙ አይጎዳም፣ ግን ያማል፣ ጥቅምም አይጨምርም።

እንግዲህ አንድ በአንድ፣ የእኔ ፍርድ

መንጋጋ ቆልፍ፦ አሁን። ለዚህ ብዙ አትጨነቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከልጅነት እስከ ጉርምስና 6 ዶዝ ከተጠናቀቀ ለአዋቂነት ዘመን ይበቃል ይላል። እንግሊዝ 5 ትላለች፣ አሜሪካ ደግሞ በየ10 ዓመቱ ድገሙ ትላለች። ሦስቱም አልተሳሳቱም፣ የጥንቃቄያቸው መጠን ነው የተለያየው። የልጅነት ክትባታችሁን መጨረሳችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን ክርክሩ አይመለከታችሁም፣ ሂዱና ተከተቡ። አፈር ወይም እበት የነካው ቁስል ካለ ደግሞ በአሜሪካ መመሪያ መለኪያው ከ10 ዓመት ወደ 5 ይወርዳል።

ሄፓታይተስ ቢ፦ ጨርሳችሁ ከሆነ ተዉት። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ ወይም መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ካለባችሁ ተመርመሩ።

ቢጫ ወባ፦ ተዉት። አንድ ዶዝ ለዕድሜ ልክ ይበቃል፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮም ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ የክትባት ካርዱን ለዕድሜ ልክ ያጸናዋል። ካርዳችሁ ላይ "10 ዓመት" ተብሎ ተጽፎ እንኳ ቢሆን። በእርግዝና ጊዜ ወይም መከላከያቸው ተዳክሞ ሳለ የተከተቡ ሰዎች ግን መድገም ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ይጠይቁ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዘ ስለሆነ ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስደው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ከወጣቱ ይልቅ ያሰጋዋል፤ ስለዚህ በሽታው ወዳለበት አገር መጓዙ ግዴታ መሆን አለመሆኑን በደንብ መመዘን ይገባል።

ኢንፍሉዌንዛ፦ ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአስም፣ ለስኳርና ለልብ ሕመምተኛ በየዓመቱ አዎ። ለሌላው ጥሩ ነው፣ ግን ተአምር አትጠብቁ። ክትባቱ ከሚዘዋወረው ዝርያ ጋር በገጠመበት ዓመት እንኳ የመታመምን አደጋ የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። እኔ ግን ግማሽም ቢሆን እወስዳለሁ።

ኮቪድ፦ 65 ካለፋችሁ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ካለባችሁ፣ ካለፈው 6 ወይም 12 ወር ከሆነው አሁን። ጤነኛ ጎልማሳ ከሆናችሁና በቅርቡ ይዟችሁ ከነበረ ጠብቁ፤ ሦስት ወር ማቆየት ይቻላል። አቅመ ደካማ ሰው ልትጎበኙ ካሰባችሁ፣ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት መውሰዱ ያዋጣል፤ ማስተላለፍን የሚቀንሰው ጥቅም አጭር ስለሆነ ጊዜውን ማስላት ነው ቁልፉ።

ትክትክ በእርግዝና፦ በየእርግዝናው፣ ባለፈው ዓመት ወስዳችሁት እንኳ ቢሆን። ይህ ለእናቲቱ ሳይሆን ለሕፃኑ ነው። እናትየው የምታመርተው አንቲቦዲ በእትብት አልፎ ሕፃኑ የራሱን ክትባት እስኪጀምር ድረስ ይጠብቀዋል። እንግሊዝ በ2012 ከጀመረችው በኋላ በተደረገ ጥናት ከሦስት ወር በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታውን 90 በመቶ ያህል እንደሚከላከል ታይቷል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

የእብድ ውሻ በሽታ፦ ቀድማችሁ ተከትባችሁ ከሆነ መደበኛ ማጠናከሪያ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። እንስሳ ከነከሳችሁ ግን "ተከትቤያለሁ" ብላችሁ እንዳትቀሩ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሁለት ዶዝ፣ በመጀመሪያው ቀንና ከሦስት ቀን በኋላ። ያልተከተበ ሰው ከዚህ በላይ ዶዝና ኢሚውኖግሎቡሊንም (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ አንቲቦዲ) ያስፈልገዋል። በዚህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለም ማለት ይቻላል።

የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሄደበት ነው። በሦስት ዶዝ ተጀመረ፣ ሁለት ሆነ፣ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 20 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች አንድም ሊበቃ ይችላል አለ። "ሁሌ ነው የሚጨምሩብን" ለሚሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት

ያለፈው ዶዝ ከባድ አለርጂ አስነስቶባችሁ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አትድገሙ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሕይወት ያለው ቫይረስ ከያዙ ክትባቶች፣ እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ካሉት፣ በተለይ ተጠንቀቁ። ከፍተኛ ትኩሳት ካለ እስኪሻላችሁ አቆዩት። ቀላል ጉንፋን ግን ምክንያት አይሆንም።

ካርዱ የጠፋባችሁ ሰዎች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። "የወሰድኩ ይመስለኛል" በክትባት ዓለም እንዳልተወሰደ ነው የሚቆጠረው። ለአብዛኛው ክትባት እንደገና መውሰዱ ጉዳት የለውም፣ ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል። መርፌውን ስትወስዱ የክትባቱን ስም፣ ቀኑንና የባች ቁጥሩን (የምርት ጥቅሉን መለያ) የያዘውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩት።